አጥንት ቆጠራ

መጀመሪያ ውድነሽን፣ ቀጥሎ ምናሴን፣
ጉንጫቸውን በጥጥ ጠርገው ሲመዝኑን፣
አንድ ማሕፀን ያደርን፣ አንድ ጡት የጠባን
ከአሥሩ ምልክት በአምስቱ ብቻ ገጠምን።

ስለዚህ ባዕድ መጣ።
በዊኒፔግ ሌሊት፣ በጥር ውርጭ መሐል፣
በረዶ የሆነ ደም ከአውሮፕላን ወርዷል።
“ወንድ፣ ሃያ ሦስት ዓመት” የሚል ወረቀት፣
ስም የለው፣ አገር የለው፣ የለው አባት እናት።
ሲያቀልጡት ክፍሉ በቆሎ በቆሎ ሸተተ፤
ከረጢቱ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ እያለ ገባ፣ ዘገየ፣ ሰነበተ።
“ዛሬ ዜሮ ቀን ነው፤ ተወለድሽ” አለችኝ
ማሪሴል ነርሷ፤ ካልሲዬን አጠለቀችልኝ።

አባቴ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል።
አባቴ ማለት፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ
ሽማግሌ ቢልክ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ደግ ጎረቤቴ፣
ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ “አጥንቱ አይታወቅ” ብሎ
የመለሰው ሰው ነው፣ እንግዶቹን አክብሮ፣ ነገሩን ግን ጥሎ።
“ዘር ከልጓም ይስባል” ነበረ ፍርዱ፤
ያም ሰው ካልጋሪ ገባ፣ እዚያው ቀረ መንገዱ።

በደሜ ውስጥ ደግሞ የቆየ እንግዳ አለ፣
ከእናቴ ወተት ጋር ገብቶ፣ ተኝቶ የዋለ።
አርባ ሁለት ዓመት ኮሽ ሳይል፣ ሳይነቃ፤
የጥንት ዘቦቼ መልኩን ያውቁታል፣ በቃ።
እነሱ በመድኃኒት አንድ ባንድ ሲያልቁ
አዲሶቹ መጡ፣ ምንም የማያውቁ፤
ያ ልጅ በዘመኑ አግኝቶት አያውቅማ።
ሳይቶሜጋሎ ይሉታል፤ ስሙን ለሚሰማ
የጥንት ንጉሥ እንጂ ቫይረስ አይመስልማ።

ዶክተር ፍሪሰን መጣ፣ ወንበር ጎትቶ፣
በጓንት ሣጥን ጀርባ ሥዕል ቢጤ ሠርቶ፦
“ሳይተዋወቁ የሚገድሉ ዘቦች አሉ፣
ከሁሉ ቀድመው ካጥንት የሚበቅሉ።
ጂናቸው ይለያል፤ ያንዳንዱ ልጓም ብቻ፣
‘ቁም’ የሚል፣ ‘ቁም’ የሚል እስከ መጨረሻ፤
ያንዳንዱ አለንጋም አለው፣ ‘ሂድ’ የሚል ሲዘገይ።
ልጁ ከዚህ ወገን ነው። አደጋው ያንሳል እንጂ አይጠፋም፣ ሲታይ።”

እሱ ፍሬን ነው ያለው፣ ፍሬንና ነዳጅ፣
ያውቃል የምነዳውን የትምህርት ቤት ቢጫ አውቶቡስ፤ ሰው ወዳጅ።
ልጓም ያልሁት እኔ ነኝ።
የአባቴ ተረት ነው ከየት እንደሆን መጥቶ ያንቀጠቀጠኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደሜን ይቆጥራሉ።
በሠላሳ አንደኛው ቀን “ምንም የለም” አሉ።
በሠላሳ ስምንተኛው፦ መቶ አርባ። ተነሣ፣
የእናቴን ጡት ነካሹ፣ ያ የወተት ወንድሜ፣ ራሱን አነሣ።
ቀጥሎ፦ አራት መቶ ስድሳ።
መድኃኒት አለ፤ ግን አዲሱን መቅኔ ያቃጥላል፣
ፍሪሰን አገጩን ይዞ “አንድ ሳምንት እንታገሥ” ይላል።

ያን ሳምንት አልተኛሁም።
በመስኮቴ በኩል፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ሬድ ሪቨርና አሲኒቦይን በላያቸው በረዶ፣
የሚገናኙበት ነጭ ሜዳ ይታያል፤
የቱ ውኃ የማን ነው? ማን ጠልቆ ይለያል?
በውስጤም እንዲሁ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣
አንድ የማላውቀው ልጅ ይዋጋልኝ ነበር በእኔ ደም ከተማ።
ምናልባት እሱ ራሱ ያን ሰዓት ተኝቷል፣
ወይ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ወይ ፈተና ወድቋል።

ማክሰኞ፦ ዘጠና።
የሚቀጥለው ማክሰኞ ማሪሴል ሮጣ ገባች፣ ወረቀቱን ሳትይዘው ገና፣
“የለም” አለች። “የለም” አልኋት። ሳቅን፤ ሳል አቋረጠን።

በመቶኛው ቀን አባቴን አስገቡት፣
ጭምብል አጥልቀው፣ እጁን ሁለቴ አስታጥበው፣ ጋውን አልብሰውት።
“ካጥንትሽ ውስጥ አሁን ዘጠና ስምንት ከመቶው እሱ ነው” አሉኝ፣ አልሁት።
ዝም አለ። መነጽሩን ጉም ሞላው።
“የማን ልጅ ነው?” አለ፤ የዱሮ ጥያቄው፣
ድምፁ ግን የዱሮ አይደለም።
“አይነግሩንም፣ አባዬ። ዓመት ሳይሞላ አይፈቀድም።”

እጁን ዘረጋና መቁጠር ጀመረ እንደ ልማዱ፣
አውራ ጣቱን አጠፈ፦ “አንቺ” አለ፣ “አንዱ”።
ሌባ ጣቱን አጠፈ፦ “እሱ...”
ስም ፈለገ፣ ፈለገ፤ አልመጣም ከምላሱ።
ጣቱን ግን አልዘረጋም።
እንዳጠፈው ተቀመጠ፣ አልጋዬ ጎን፣ እስኪመሽ ድረስ።